ሳህኑ ሳይቀርብ የተወጋው መርፌ

ልጄ ስኳር በሽታ እንዳለባት ያወቅነው ስድስተኛ ክፍል ሳለች ነው። ከዚያ በፊት ቤታችን ውስጥ ምግብ ምግብ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ጉርሻ ስሌት ይፈልግ ጀመር። ደሴ ውስጥ ክትትል የምታደርግበት ክሊኒክ፣ ሁላችንም ሲስተር እያልን የምንጠራቸው በዕድሜ ጠና ያሉ ነርስ አሉ። ለልጄ ሒሳቡን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። እንጀራ አስመጥተው ፊቷ ቆረሱና፣ "ይህቺን ታህል እንጀራ ይህን ያህል ካርቦሃይድሬት አላት፤ ለአሥር ግራም አንድ ዩኒት ኢንሱሊን ትወጊያለሽ" አሏት። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ግማሹ አልገባኝም። እሷ ግን ወዲያው ያዘችው። ድሮም ሒሳብ ትወዳለች።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እዚያው ደሴ ፒያሳ አካባቢ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ነው የሚሠራው፤ ጠዋት ይወርዳል፣ ማታ ይወጣል። ስለዚህ ልጄን ቀኑን ሙሉ የምጠብቃት እኔ ነኝ። መጠበቅ የሚለውን ቃል እሷ አትወደውም። "እማ፣ እኔ በግ ነኝ እንዴ የምትጠብቂኝ?" ትለኝ ነበር፣ ፈገግ ብላ። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ፈገግታው ጠፋ፤ ጥያቄው ብቻ ቀረ።

ያኔ ነው የታሸገ ምግብ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ የጀመረችው። ሱቅ ስልካት ብስኩቱን ገልብጣ ከጀርባው ያለችውን ደቃቅ ሠንጠረዥ ሳታነብ አትመለስም። ካሎሪ ይህን ያህል፣ ካርቦሃይድሬት ይህን ያህል፣ ስኳር ይህን ያህል። እኔ የሠራሁት ሽሮ ላይ፣ ቂንጬ ላይ ምንም አልተጻፈም። የእኔን ምግብ ስትበላ መገመት ነበረባት፤ ግምቱ ውስጥ ደግሞ እኔ አለሁበት። ጨምሪ፣ ቀንሺ፣ ቆይ ልለካሽ እላለሁ። ብስኩቱ ግን ለእሷ ብቻ ነው የሚነግራት። ጽሑፉን አንብባ፣ አካፍላ፣ ወግታ፣ እኔን ሳትጠይቅ ትበላለች። ያቺ ነፃነት ምን ያህል እንደምታስደስታት ከፊቷ አይ ነበር፤ እየፈራሁም ዝም እል ነበር።

ጽሑፉ ሁልጊዜ አልታመነላትም። አንዴ ቁጥሩ የተጻፈው ለሙሉው ጥቅል ሳይሆን ለአራት ፍሬ ብቻ መሆኑን ሳታስተውል ቀርታ ስኳሯ ከሦስት መቶ በላይ ወጣ። ሌላ ጊዜ ደግሞ በትክክል አንብባ፣ በትክክል ወግታ፣ እንደገና ከፍ አለ። ለሲስተር ነገርናቸው።

"ፋብሪካው የሚጽፈው አማካዩን ነው" አሉ። "ዱቄቱ ይለያያል፣ ክብደቱ ይለያያል። ትንሽ ወዲህ ወዲያ ማለቱ አይቀርም።"

"ትንሽ ማለት ስንት ነው?" አለቻቸው ልጄ።

ሲስተር መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። "እሱን እኔም ባውቅ ደስ ባለኝ" አሉ።

ባለቤቴ ግን የተጻፈ ነገር ያምናል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ተረት ከአባቱ ወስዶ ለሁሉም ነገር ይጠቀምበታል። እና አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ "ኮምቦልቻ ቁጥር የተጻፈበት ምግብ ቤት ተከፈተልሽ" አላት። ሜኑው ላይ ከእያንዳንዱ ምግብ ሥር ካሎሪው፣ ካርቦሃይድሬቱ ሳይቀር እንደሰፈረ ነገራት። በስልኩ ፎቶ አንስቶት ነበር። ልጄ ስልኩን ከእጁ ወስዳ ፎቶውን እያሰፋች አየችው። ምግብ ቤት ገብታ እንደ ጓደኞቿ አዝዛ በልታ አታውቅም። ከጓደኞቿ ጋር ስትወጣ ሻይ ያለ ስኳር ጠጥታ ነው የምትመለሰው።

"እማ፣ መቼ እንሂድ?" አለችኝ።

ትምህርት ሲዘጋ ቅዳሜ ቀን ወረድን። እኔም ገበርና ቁልፍ የምገዛበት ጉዳይ ነበረኝ። ባለቤቴ ሊቀላቀለን አስቦ ነበር፤ መኪኖች ስለገቡበት መውጣት አልቻለም። ሁለታችን ብቻ ገባን።

ቤቱ አዲስ ነው፤ ነጭ ቀለም፣ በየጠረጴዛው ላይ ትንሽ ተክል። ሜኑው በፕላስቲክ የተለበጠ፣ የየምግቡ ፎቶ ያለበት፣ ከፎቶው ሥር በአረንጓዴ ቀለም ቁጥሮቹ። ልጄ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድም ሳትዘል አነበበችው። መጨረሻ ላይ የሥጋ ፍርፍር መረጠች። ስድስት መቶ አርባ ካሎሪ፣ ሰማንያ ግራም ካርቦሃይድሬት ይላል።

"ስምንት ዩኒት" አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። ኢንሱሊኑ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መወጋት ያለበት ዓይነት ነው። አስተናጋጇ ትእዛዙን ይዛ እንደሄደች ልጄ ሹራቧን ገለጥ አድርጋ፣ ከጠረጴዛው ሥር ሆዷ ላይ ወጋች። ማንም አላየም። መርፌውን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ፊቷ ላይ ያየሁትን ኩራት አልረሳውም።

ምግቡ መጣ። ሳህኑ ሰፊ ነው፤ ፍርፍሩ ግን መሐሉ ላይ ጭብጥ ታህላለች። ዙሪያውን ሰላጣና ቲማቲም ተደርድሯል። ፎቶው ላይ ያለው ፍርፍር እስከ ሳህኑ ጠርዝ የሞላ ነበር።

"ይሄ ሰማንያ ግራም ይሆናል?" አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"ተጽፏል እኮ፣ እማ።"

"ዳቦ ልዘዝልሽ።"

"ዳቦ ካዘዝሽ እንደገና ልወጋ ነው። የዳቦውንስ ቁጥር ማን ይነግረኛል?" ከዚያ ወደ ጎን ጠረጴዛ አየት አደረገችና፣ "እባክሽ አንድ ቀን እንደ ሰው ልብላ" አለችኝ።

እንደ ሰው ስትለኝ ዳቦውን ተውኩት። ከራሴ ሳህን ግን አጎረስኳት፤ ሁለተኛውን ጉርሻ በእጇ መለሰችው። ስሌቷ ውስጥ አልነበረም።

ከምሳ በኋላ ገበያ ዞርን። ኮምቦልቻ ሙቀቱ የደሴን ሰው ያደክማል። ገበሩን ስመርጥ፣ ቁልፍ ስቆጥር፣ ልጄ ጥቅሉን ይዛ ተከተለችኝ። እያወራች ነበር፤ ቀጣይ ጊዜ ጓደኞቿን ይዛ እንደምትመጣ፣ የትኛውን ምግብ ማን እንደሚያዝ። መናኸሪያ ደርሰን ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ገባን። ከሹፌሩ ኋላ ባለው ወንበር እሷ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ ከጎኗ ተቀመጥን።

የሐረጎን ዳገት መውጣት ስንጀምር ወሬዋ ቆመ። ደክሟት ነው ብዬ ተውኳት። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ መስኮቱ ተከፍቷል፣ እኔ ነጠላዬን ተከናነብኩ። ዘወር ስል ግን የልጄ ግንባር ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

"ምነው አላበሽ?"

"ሞቆኝ ነው።"

"ልለካሽ።"

"ተይኝ።"

ድምፁ የእሷ አልነበረም። ዘጠነኛ ክፍል ከገባች ወዲህ ተይኝ የሚለውን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ግን ያ ተይኝ ቀስ ብሎ፣ ከሩቅ የወጣ ነው። እዚህ ላይ ነው የዚህ በሽታ ክፋቱ። ከተበላው በላይ ኢንሱሊን ተወግቶ ስኳር ሲወርድ ሰው ይቆጣል፣ እልኸኛ ይሆናል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅም ትቆጣለች፣ እልኸኛ ትሆናለች። የቱ የልጄ እልህ፣ የቱ የበሽታው እንደሆነ ለመለየት ፊቷን ትክ ብዬ አየሁት። ከንፈሯ ገርጥቷል።

መለኪያውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። የቀረችኝ ደም የሚደረግባት ቁራጭ፣ ስትሪፕ፣ አንዲት ብቻ ነበረች። እጇን ስይዘው መነጨቀችኝ። "በልቻለሁ። ሰማንያ በልቻለሁ" አለች። መልሼ በግድ ያዝኳትና ጣቷን ወጋሁት። መለኪያው አርባ ስድስት አለ፤ ከሰባ በታች መውረድ የለበትም።

ፊቷ አስጠግቼ አሳየኋት። ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ፣ "ተሳስቷል" አለች። "መለኪያው ነው የተሳሳተው። ሜኑው ላይ ሰማንያ ነው የሚለው።"

ቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ የካርቶን ጁስ እይዛለሁ። ቀሰሙን ሰክቼ አፏ ላይ አደረግሁላት። በእጇ መታችው። ጁሱ ቀሚሴ ላይና ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ ካርቶኑ ከወንበሩ ሥር ተንከባለለ። ጎንበስ ብዬ ሳነሳው ባዶ ነበር።

ከረሜላ ፍለጋ ቦርሳዬን ገለበጥኩት። ቁልፍ፣ ክር፣ ዚፕ፣ እንደገና ቁልፍ። ከረሜላ የለም። ቀና ስል የልጄ ዓይን ተከፍቶ ምንም አያይም። ጭንቅላቷ መስኮቱን ተደግፎ ከመኪናው ጋር ይወዛወዛል።

"አቁምልኝ" አልኩት ሹፌሩን። "ልጄ ስኳር አለባት። አቁምልኝ፣ በጌታ።"

ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። ጠና ያለ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ነው። ኩርባው ላይ ስለነበርን ከኋላችን የጭነት መኪና ጥሩምባ እየነፋ ነበር፤ ቢሆንም ጥጉን ይዞ አቆመ። "ምን ትፈልጊያለሽ?" አለኝ።

"ስኳር። ጣፋጭ ነገር። ምንም ይሁን።"

በሩ ኪስ ውስጥ እጁን ሰደደና የተጋመሰ የለስላሳ ጠርሙስ አውጥቶ አቀበለኝ። ተቀብዬ ክዳኑን ልከፍት ስል እጄ ቆመ። ስኳር የሌለበት ዓይነት አለ። ጠርሙሱ ያው ነው፣ ቀለሙ ያው ነው። ያ ከሆነ ውሃ እንደ ማጠጣት ነው፤ ያለችኝን ደቂቃ በእሱ ላጠፋ ነው። ጠርሙሱን አዙሬ ጽሑፉን ፈለግሁ። ፊደሎቹ ደቃቅ ናቸው፤ አልነበብ አሉኝ።

"እህቴ፣ ምን ታነቢያለሽ?" አለ ሹፌሩ። "ስጫት እንጂ።"

"ስኳር አለው?"

"ወላሂ አለው። ጠዋት ጀምሬ እየጠጣሁት ነው፣ ጥርሴን እየበላኝ። ቢስሚላሂ ብለሽ ስጫት።"

ቢስሚላሂ አላልኩም፣ ጌታዬ ኢየሱስ አልኩ፤ ከኋላችን የተቀመጠች ሴት ግን ስለ ሁላችንም አለችው። ያቺ ሴት ተነሥታ የልጄን ጭንቅላት በሁለት እጇ ቀና አድርጋ ያዘችልኝ። በክዳኑ እየቀዳሁ ከከንፈሯ ውስጥ ጠብ አደረግሁ። የመጀመሪያው በአገጯ ወረደ። ሁለተኛውም ወረደ። እንዳያንቃት እየፈራሁ፣ እንዳይዘገይባት እየፈራሁ፣ ጣቴን ለስላሳው ውስጥ ነክሬ ድዷን አሸሁት።  የጭነት መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ አልፎን ሄደ።

ከዚያ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ዋጠች። እንደገና ቀዳሁ፤ ዋጠች። ሦስተኛውን ክዳን ራሷ በከንፈሯ ያዘችው።

"አብሽሪ" አለኝ ሹፌሩ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ። "አብሽሪ፣ አላህ መልሷታል።"

ጠርሙሱን ጨረሰችው። የቀረ ስትሪፕ ስላልነበረኝ የት እንደደረሰች ማወቅ አልቻልኩም፤ ፊቷን ከማየት በቀር ሌላ መለኪያ አልነበረኝም። ቀስ በቀስ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። ቀሚሴ ላይ የፈሰሰውን ጁስ አየችና፣ "እማ፣ ምን ነካሽ?" አለችኝ። በእጇ መትታው እንደነበር አታስታውስም።

ሹፌሩ ደሴ ከገባን በኋላ መናኸሪያ አልሄደም። ተሳፋሪዎቹን ሁሉ እንደያዘ ክሊኒኩ በር ላይ አወረደን። አንድ ሰው እንኳ ለምን አላለም።

ሲስተር ለኳት፤ ሰባ ሁለት ሆኖ ነበር። ዳቦ አስመጡላትና ሙሉውን እስክትጨርስ ፊቷ ቁጭ አሉ። ከዚያ ምን እንደበላች፣ ስንት እንደወጋች ጠየቋት። ልጄ ስልኳ ላይ ያለውን የሜኑውን ፎቶ አሳየቻቸው።

"ሰማንያውን ማን ለካው?" አሉ ሲስተር።

"ተጽፏል።"

"የጻፈው ሰው ሚዛን ነበረው ወይ ነው የምልሽ።"

ልጄ ስልኩን አጠፋችው። ሲስተርም አልገሠጿትም። "ሁለተኛ ምግብ ቤት ስትበዪ ሳህኑ ሳይቀርብ መርፌ አታውጪ" አሏት። "ምግቡን በዓይንሽ ካየሽ በኋላ ውጊ። ከፍ ቢልብሽ ኋላ ታወርጂዋለሽ። የወረደ ግን ጊዜ አይሰጥሽም።"

ያን ማታ ባለቤቴ እራት አልበላም። "እኔ ነኝ የላክኋችሁ" አለ። ልጃችን ቀድማ ተኝታ ነበር፤ ሊያያት ገባ፣ ወጣ፣ እንደገና ገባ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሳምንታት ከሐረጎው ይልቅ ከበዱኝ። ልጄ ፈራች። የእሽጉን ጽሑፍ ማንበብ ተወች፤ ብስኩቱንም ተወች። እኔ የሠራሁትን እንኳ ስትበላ የምትወጋው ከሚገባት በታች ነበር፤ ስኳሯ ሁለት መቶ ሃምሳ፣ ሦስት መቶ ላይ ውሎ ያድራል። ራሷን ያማታል፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ትነጫነጫለች። ልለካሽ ስላት እንደ ድሮው አትቆጣም፤ ዝም ብላ ጣቷን ትዘረጋልኛለች። ያ ዝምታዋ ከቁጣዋ የበለጠ አስጨነቀኝ። ሲስተር፣ "እንዲህ ከቀጠለች ዓይኗንና ኩላሊቷን ነው የምትጎዳው" አሉኝ ለብቻዬ።

"ሁሉም ይዋሻል" አለችኝ አንድ ቀን ደብተሯ ላይ አቀርቅራ። "ብስኩቱም፣ ሜኑውም።"

እኔ ደግሞ ንዴቴ አልወጣልኝም ነበር። ልብስ ላይ ልኩ ኤም ተብሎ ቢጻፍ ሰው ለብሶ ያየዋል፣ ካልሆነው ያወልቀዋል። ሆድ ውስጥ የገባ ኢንሱሊን አይወልቅም። ምግብ ቤቷ ሄጄ ቁጥሩን ከየት እንዳመጡት መጠየቅ አለብኝ ብዬ ለባለቤቴ ስነግረው ልጄ ሰማች።

"እኔም እመጣለሁ" አለች። "የተወጋሁት እኔ ነኝ።"

ወረድን። ደንበኛ ገና ያልበዛበት ሰዓት ነበር። የቤቱ ባለቤት ራሷ ካሸር ላይ ተቀምጣለች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሽቅርቅር ያለች። ጉዳያችንን ስነግራት መጀመሪያ ወንበር ሳበችልኝ፣ ቀጥሎ ፊቷ ተለወጠ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኛ ሐኪም ቤት አይደለንም" አለችኝ። "እኔ ራሴ ብዙ ኪሎ ቀንሼ ነው ይሄን ቤት የከፈትኩት። ሰው እዚህ የሚመጣው ክብደት ሊቀንስ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ቢሳሳት ማን ይጎዳል?"

"እኔ" አለች ልጄ።

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሴትዮዋ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ያየቻት፤ እስከዚያ የምታየው እኔን ነበር።

"ቁጥሩን ከየት አመጣሽው፣ እህቴ?" አልኳት።

ከስልኳ ነው ያመጣችው። የካሎሪ መቁጠሪያ አፕ አለ፤ ፍርፍር ብላ ጻፈችበት፣ ብዙ ዓይነት መጣላት። ሰው ሁሉ የየራሱን ያስገባበታል። ከመካከላቸው ትልቁንም ትንሹንም ትታ መካከለኛ የመሰላትን መረጠች። ሜኑው ሲታተም ሳህኑ ሞልቶ ነበር የሚወጣው። ከዚያ ጤፍ ሲወደድ ቀነሱ፤ እንደገና ቀነሱ። ሜኑው አልተቀየረም። ይህን ሁሉ ስትነግረን ድምፅዋ ዝቅ እያለ መጣ።

"ሚዛን አላችሁ?" አለች ልጄ።

ሥጋ የሚመዝኑበት ሚዛን ከወጥ ቤት መጣ። ሴትዮዋ አንድ ፍርፍር አሠራች። ልጄ ሰላጣውን፣ ቲማቲሙንና ሥጋውን በሹካ ወደ ጎን እያወጣች የእንጀራውን ብቻ ባዶ ሳህን ላይ አድርጋ መዘነችው። ወጥ የነካው ነውና በትክክል ማወቅ አይቻልም፤ ለወጡም ትንሽ ቀነሰችለት። ሲስተር ባስተማሯት አባዛች፣ አካፈለች። አስተናጋጆቹ ከኋላችን ቆመው ነበር። ሰማንያ ቢወጣ ምን ልል ነበር?

"አርባ ሦስት አካባቢ" አለች ልጄ። "ግማሽ ነው ማለት ይቻላል።"

ሴትዮዋ ሚዛኑን ራሷ ቀረብ ብላ አየችው። ሌላ ሳህን አሠርታ ድጋሚ አስመዘነች፤ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ተለየ፣ ሃምሳን አለፈ። ወጥ ሠሪዋ በእጇ ነው የምትጨምረው፤ እጅ ደግሞ አንዴ ይሰፋል፣ አንዴ ይጠባል።

"ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?" አለች ሴትዮዋ። የጠየቀችው እኔን አልነበረም።

"አላውቅም" አለቻት ልጄ። "ግን ሰማንያ አይደለም።"

ሴትዮዋ አስብበታለሁ አለችን። ይቅርታም አላለችም፣ ምሳ ጋበዘችን እንጂ። አልበላንም። መንገድ ላይ ስወጣ ተናድጄ ነበር፤ እንደዚያ ነው እንዴ የሚታሰበው እያልኩ ብቻዬን አጉረመረምኩ። ልጄ ግን እየተራመደች፣ "ሁለቱ ሳህኖች አንድ አልሆኑም፣ አየሽ?" አለችኝ። "እሷም አታውቀውም። ማንም አያውቀውም። መዋሸት አይደለም፣ አለማወቅ ነው።" እንዲህ ስትል ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀድሞ ድምፅዋን ሰማሁት።

ወር ያህል ቆይቶ ባለቤቴ አዲሱን ሜኑ ፎቶ አንስቶ አመጣ። ቁጥሮቹ አልጠፉም፤ ሰው የሚመጣው ለእነሱ ነው መሰለኝ። ግን የፍርፍሩ ሰማንያ የሚለው "ከ40 እስከ 55" ተብሏል፤ ከሥሩም ቁጥሮቹ ግምት መሆናቸውን፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስተናጋጅ እንዲጠይቅ የሚል ጽሑፍ አለበት። ባለቤቴ ደስ ብሎታል። ልጄ ፎቶውን አየችና፣ "ይሻላል" አለች። እዚያ ቤት ግን ተመልሳ አልበላችም።

በዚያው ዓመት የቅርብ ጓደኛዋ እህት ከኮምቦልቻ ወዲያ ደጋን ላይ ልትዳር ሆነ። የጓደኛዋ ቤተሰቦች በመኪና ይዘዋት ሄደው በመኪና ሊመልሷት ጠየቁን። ሩዝ፣ ሥጋ፣ ዳቦ፣ ለስላሳ፣ ኬክ፤ የሰርግ ምግብ ላይ ደግሞ ምንም ዓይነት ቁጥር የለም። እኔ አይሆንም አልኩ። ልጄም አልለመነችኝም፤ ሲስተር ጋ ሄዳ ጠየቀች እንጂ። ሲስተር ደወሉልኝና፣ "እስከ መቼ ልትይዣት ነው?" አሉኝ።

ሄደች። ከረሜላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩ፣ ጃኬቷ ኪስ ውስጥም ከተትኩ፤ ለጓደኛዋም ሰጠኋት። ለጓደኛዋ እናት የልጄ ሰውነት ላይ ላብ ካዩ ምን እንደሚያደርጉ ነገርኳቸው፤ "አብሽሪ፣ እንደ ልጄ ነው የማያት" አሉኝ። ከዚያ ሱቄን ከፍቼ ማሽኑ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬን ከክሩ አጠገብ አስቀምጬ የዩኒፎርም ኮሌታ መስፋት ጀመርኩ። ስልኩ አንዴ ጮኸና ዘለልኩ፤ ደንበኛ ነበር። ምሳ ሰዓት አለፈ። ሳህኑ አሁን ቀርቦላታል፣ አሁን እያየችው ነው፣ አሁን ወግታለች እያልኩ በሐሳቤ ተከተልኳት። ልደውልላት ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት፤ በሰው ፊት እንዳላሳፍራት።

በመጨረሻ ራሷ ደወለች። ከኋላዋ የከበሮና የጭብጨባ ድምፅ ይሰማል።

"እማ፣ ሁለት መቶ አሥር ነው" አለችኝ እየጮኸች። "ሩዙ ከገመትኩት በላይ ነበር። ኬክም ቀምሻለሁ። አንድ ዩኒት ጨምሬያለሁ፣ ደግሞም ኋላ እለካለሁ።"

"አንድ ይበቃል? ሁለት ቢሆን..."

"እማ" አለችኝ። "ልንገርሽ ብዬ ነው የደወልኩት። ልጠይቅሽ አይደለም።"

"እሺ" አልኳት። ሌላ ነገር ስትል ከበሮው ድምፅዋን ዋጠው፤ መስመሩም ተቋረጠ። ስልኩን ክሩ አጠገብ መለስኩት። ከዚያ የሰፋሁትን ኮሌታ አየሁት፤ አጣምሜ ነው የሰፋሁት። መቀሴን አነሳሁና ስፌቱን መፍታት ጀመርኩ።